«ውሃ ትፈልጋለህ?» የሚል ልጅ

ኦቲዝም ያለው ልጅ ይዘው ወደ እኔ የሚመጡ ወላጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «መቼ ነው የሚያወራው?» ብለው ነው። እነሱ ይህን ሲጠይቁ ልጁ የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ውሃው ይጎትታታል። ዐይኗን አያይም፣ በጣቱም አይጠቁምም፤ ግን ጠይቋል። የንግግር ሥራ የሚጀመረው ከዚህ ነው።

እኔ በብዛት የምሠራው ልጁ የሚጠይቅበትን ምክንያት ማዘጋጀትና ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ለአራት ዓመት ልጅ ዳቦ ቆሎ ውስጡ በሚታይ፣ ክዳኑ በጠበቀ ዕቃ አድርጌ አጠገቡ አስቀምጣለሁ። ያነሳዋል፣ ይታገለዋል፣ ሲያቅተው እጄ ላይ ያኖረዋል። ወዲያው አልከፍትም። ፊቱን እያየሁ በሆዴ እስከ ዐሥር እቆጥራለሁ። ብዙዎቹ ልጆች የሰሙትን አሰናድተው ለመመለስ ከእኛ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ እኛ ደግሞ ዝምታው ያስጨንቀንና ጥያቄ በጥያቄ ላይ እንደርብባቸዋለን። ድምፅ ካወጣ ወይም ቀና ብሎ ካየኝ «ክፈቺልኝ» ብዬ በእሱ ፋንታ እናገርና እከፍታለሁ። የምሰጠው ሁለት ሦስት ፍሬ ነው፤ እንደገና የሚጠይቅበት ይኑረው። ሊያለቅስ ከደረሰ ግን ሳልጠብቅ እከፍትለታለሁ። ልጅን በማስለቀስ ንግግር አይመጣም።

አፋቸውን ከፈቱት መካከል ውሃ ሲጠማው «ውሃ ትፈልጋለህ?» የሚል ልጅ አለ። ቤተሰቡ «የሰማውን ዝም ብሎ ይደግማል» ይላል። ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለ 11 ልጆች ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ መዝግቧል፤ ልጆቹ «እኔ» ማለት ሲገባቸው «አንተ» ይሉ ነበር። በአማርኛ ጣጣው ይብሳል፤ ፈላጊው ማን እንደሆነ የሚታወቀው በግሱ ጫፍና መነሻ ነው። ደግሞም ልጁ አልተሳሳተም። ውሃ በመጣ ቁጥር የሰማው ይህን ነው፤ ስለዚህ ውሃ የሚያመጣው ንግግር ለእሱ ይኸው ነው። «እንዲህ አይባልም» ቢሉት ምን እንደተባለ እንኳ አይገባውም። እናቱ ጥያቄውን ትታ፣ ብርጭቆውን ስታቀብለው በእሱ አፍ «ውሃ ስጪኝ» ትበል። አባቱ ሲያቀብለው «ስጠኝ»። አያትየዋም፣ ሠራተኛዋም እንዲሁ ያድርጉ፤ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነት አነጋገር ከሰማ ድካማችን ይበተናል።

ሙሉውን ቃል ማውጣት ላቃተው ደግሞ ፊደላችን ያግዘናል። እያንዳንዱ ፊደል በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ ድምፅ ስለሆነ ቃሉን ቆራርሶ ማስተማር ይቻላል፤ «ሃ» ካለ ውሃውን እሰጠዋለሁ፣ «ው» በጊዜው ይመጣል። ዛሬ በሕይወት የሌሉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለው ልጃቸው ትምህርት ቤት ቢያጡ በ2002 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በፊደላችን ድምፆች ላይ የተመሠረተ፣ «አቡጊዳ» ያሉትን ማስተማሪያም አዘጋጁ። እናት በራሷ ቋንቋ ያበጀችው ነውና ሁሌም አከብረዋለሁ።

እናቶች ሹክ ብለው የሚጠይቁኝ ሌላ ነገር አለ፦ «ጥፋቱ የእኔ ይሆን?» አይደለም። እርግማንም፣ የእናት ሥራ መብዛትም ኦቲዝምን አያመጣም። የአንጎል ዕድገት ልዩነት ነው፤ የዘር ውርስም ትልቅ ድርሻ አለው።

ይልቅ «ወንድ ልጅ አፉን ለመፍታት ይዘገያል» የሚለው ምክር ብዙ ዓመት በልቷል። ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ወይም ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል የማያገናኝ ልጅ ካለ መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሩ፣ ከዚያም የሕፃናት ሐኪም ይየው። ቀጠሮው እስኪደርስ ድረስ ወለሉ ላይ አጠገቡ ተቀመጡ። መኪናውን ገልብጦ ጎማውን የሚያሽከረክር ከሆነ እናንተም ሌላ መኪና ገልብጣችሁ አሽከርክሩ፤ አትጠይቁት፣ ቀና ብሎ እስኪያያችሁ ጠብቁ።