«ባትሪ አልባ ባስ»፦ ስያሜው ሲመዘን

በውስጡ ቅድመ ማጉያ ያለውን የኤሌክትሪክ ባስ ጊታር «ንቁ ባስ» ማለት የእንግሊዝኛውን ቅጽል ከመገልበጥ አያልፍም። ከዚህ የከፋው ግን ይኸው መሣሪያ 9 ቮልቱን ከውጭ በገመድ ሲያገኝ «ባትሪ አልባ» መባሉ ነው። ሰሚው ኃይል የማይሻ ይመስለዋል፤ ኃይል የማይሻውስ ቅድመ ማጉያ የሌለው ተራው ባስ ነው።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ኃይሉ በባለ ሦስት መስመር ጃክ ሲላክ ጫፉ ድምፁን፣ ቀለበቱ ኃይሉን፣ አካሉ ግራውንዱን ይይዛል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ በሚተከል የሠርግ ድንኳን ውስጥ ስሙን አምኖ ተራ ገመድ የሚሰካ ሙዚቀኛ ቀለበቱን ከአካሉ ያገናኛል፤ ጠጋኞች «ሾርት» የሚሉት ይኸው ነው። መከላከያ የሌለው ኃይል ሰጪ ይቃጠላል።

ለማይክሮፎን የሚላከውንም 48 ቮልት፣ ፈረንጆቹ በምትሐት ስም ስለሚጠሩት፣ «የመንፈስ ኃይል» ብንለው ከእንጦጦ ማርያም ጠበል የሚመለስ የየካ ሰው ሌላ ነገር ይረዳል።

እኛ «ባለ ቅድመ ማጉያ ባስ» እና «ኃይል በገመድ» የሚሉትን እንመርጣለን። የፊተኛው ረዘመ የሚል ይኖራል፤ ኋለኛው ግን ከጃኩ ቀዳዳ አጠገብ ለመጻፍ ያጥራል።