ደካማው ካርታ ምን አጠፋ?

ከ2023ቱ ጦርነት በፊት ሱቅ ዐረቢ አካባቢ ኮንካን የተጫወተ ሰው መጥፎ ካርታ ሲደርሰው የሚረግመው ዕድሉን ነበር (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ሃል ሪችማን በ1961 ለገበያ ያቀረበው ስትራት-ኦ-ማቲክ የተባለው የቤዝቦል የጠረጴዛ ጨዋታ ግን ለየት ይላል፤ ካርታው የአንድ እውነተኛ ተጫዋች የዓመት ውጤት ነው። ሦስት ዳይስ ይጣላል። አንዱ ከ1 እስከ 3 ካሳየ የመቺው፣ ከ4 እስከ 6 ካሳየ የወርዋሪው ካርታ ይነበባል፤ የቀሩት ሁለቱ ይደመራሉ። ከ36 አጣጣል 7 የሚመጣው በ6ቱ፣ 2 ግን በአንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥሩው ነገር 7 ላይ ሳይሆን 2 ላይ የተጻፈለት ተጫዋች አለቀለት። ለሒሳብ መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል!

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ቦብ ቡል በ1962 70 ጊዜ ሞክሮ አንዴም አልቀናውም። ይሄ ዜሮ ይታመናል። ጆን ፓቾሬክ ደግሞ በ1963 ለሂውስተን በአንድ ጨዋታ 3 ሞክሮ 3ቱንም መታ፤ ከዚያ ወዲያ በትልቁ ሊግ አልተሰለፈም። ውጤቱ እንዳለ ካርታ ላይ ቢገለበጥ የማይሸነፍ ጀግና ይወጣዋል! ዳይሱ ስንት ጊዜ እንደተሞከረ አይጠይቅም፤ የተጻፈውን ብቻ ያነባል።

ታዲያ እኛስ በአጋማሽ ዓመት ካምፕ የገባን ልጅ አንድ ጊዜ ፈትነን ካርዱ ላይ «ደካማ» ብለን ስንጽፍ? ቢያንስ ከማርኩ ጎን ስንት ፈተና እንደወሰደ ይጻፍለት።