አንድ ቢት የማይበቃው ዘፈን

ቼት ቤከር እ.ኤ.አ. በ1954 የቀረጸውን «ማይ ፈኒ ቫለንታይን» የተባለ የጃዝ ባላድ ፈልጋችሁ ስሙት። ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይዘልም። ከዚያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ዘፈኑ የሐዘን ነው ወይስ የደስታ?

መልሱ ቶሎ ካልመጣላችሁ በደንብ ሰምታችሁታል ማለት ነው። ኮምፒውተር ግን ማመንታት አይፈቀድለትም። ስፖቲፋይ ለዓመታት ለፕሮግራመሮች ሲያቀርበው በነበረው መረጃ፣ የእያንዳንዱ ዘፈን ፍጥነት በደቂቃ ስንት ምት እንደሆነና መነሻ ኖታው የትኛው እንደሆነ ይመዘገባል። ሜጀር ከሆነ 1፣ ማይነር ከሆነ 0 ይሰጠዋል። ስሜቱም «ቫለንስ» በሚባል ከ0 እስከ 1 በሚሄድ ቁጥር ይገለጻል፤ ወደ 1 የተጠጋው ደስተኛ ነው። እኔ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ስለሆነ ከቁጥር ጋር ጠብ የለኝም። ይህን ዘፈን ግን ባለ 0 ወይም 1 በሆነ አንድ ቢት እንዴት አድርገን እንይዘዋለን?

ዜማውን ሪቻርድ ሮጀርስ፣ ግጥሙን ሎሬንዝ ሃርት የሠሩት በ1937 «ቤብስ ኢን አርምስ» ለተባለ የሙዚቃ ቴአትር ነው። የሚነሳው በሲ ማይነር ነው። መግቢያውን ልብ በሉ፦ ኮርዱ ሲ ማይነር እንደሆነ ይቆይና ከውስጡ አንዲት ድምፅ ብቻ በግማሽ በግማሽ ትወርዳለች፤ ሲ፣ ቢ፣ ቢ ፍላት፣ ኤ። መብራት በጠፋበት ደረጃ ላይ እግርን እያስቀደሙ እንደ መውረድ ያለ ነገር። መሃል ላይ ወደ ኢ ፍላት ሜጀር ይሻገራል፣ ወደ ማይነሩ ይመለሳል፣ መጨረሻው ደግሞ እንደገና ሜጀር ላይ ያርፋል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የተለመዱት ፕሮግራሞች 12ቱ ኖታዎች በዘፈኑ ውስጥ ምን ያህል ጎልተው እንደተሰሙ ይደምሩና ከ24 ናሙናዎች ጋር ያስተያያሉ፤ 12 ሜጀር፣ 12 ማይነር። ሲ ማይነርና ኢ ፍላት ሜጀር ግን መሠረታዊ ሰባት ኖታዎቻቸው አንድ ናቸው! ሲደመር ቅደም ተከተሉ ይጠፋል፤ እዚህ ዘፈን ላይ ደግሞ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው።

ይባስ ብሎ፣ ሙዚቃው ሜጀር ሆኖ ሲፈካ ግጥሙ የተወዳጁን መልክና ቁመና ጉድለት እየነቀሰ ይጠይቃል። ዜማው ጫፍ የሚወጣው ደግሞ «ቆይልኝ» የሚል ልመና ላይ፣ መጨረሻው አካባቢ ነው። ሜጀር ማለት ደስታ ነው የሚለው ሕግ እዚህ አይሠራም። (ለእኛ ይህ አዲስ አይደለም፤ ትዝታ በሜጀርም ተዘፍኖ ሆድ ያባባል።)

ፍጥነቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። በደቂቃ 60 ምት ከሆነ በሁለት ምቶች መካከል አንድ ሙሉ ሰከንድ አለ። ባላድ ላይ ድራመሩ ብዙ ጊዜ በዱላ ፈንታ ብሩሽ ይዞ ቆዳውን ሽው ያደርገዋል፤ ድምፁ ስለታም መነሻ ስለሌለው ምት ቆጣሪው ፕሮግራም ይደናገርና 60ውን 120 ሊለው ይችላል። ዘፋኙ በዚያች ሰከንድ ውስጥ ቃሉን የት ላይ እንዳስቀመጠ፣ ከምቱ ትንሽ ዘግይቶ ይሁን ልክ ላዩ ላይ፣ ቁጥሩ አይነግራችሁም።

አሁን ኤላ ፊትዝጄራልድ በ1956 የዘፈነችውን አምጡና ከቤከር ጋር አስተያዩ። ዘፈኑ ያው ነው፤ ስሜቱ ግን ሌላ። ኤላ ባለ ቫዮሊኖች ኦርኬስትራ ይዛ፣ ድምጿን ሞልታ ስትዘፍን ቀልዱም ፍቅሩም ያለ ጥርጥር ይሰማል። የ24 ዓመቱ ቤከር ግን ድምፁን እምብዛም ሳያርገበግብ፣ ጆሮ ሥር እንደሚያወራ ሰው ነው የሚዘፍነው። እውነቱን ለመናገር መሃል ላይ ያሉት የቀልድ ጥያቄዎች በእሱ አፍ ቀልድነታቸውን ያጣሉ፤ እንደ ፎርም የሚያስሞላ ሰው ነው የሚጠይቃቸው። ይህን እንደ ድክመት እቆጥረዋለሁ። መጨረሻው ላይ ግን ያው ባሕርይ ይጠቅመዋል፦ ሙዚቃው ወደ ሜጀር ሲሻገር ድምፁ አብሮ አይፈካም። ኮርዱ «ደስ ብሎኛል» ይላል፣ ዘፋኙ ግን ገና አላመነም። ያቺን የመጨረሻ ኮርድ ደግማችሁ ስሙና ስንት ቫለንስ እንደምትሰጧት ንገሩኝ።