የጎንደር ሠዓሊ ጥላን ስለ መተዉ

ስለ አገራችን የብራና ሥዕል በተነሣ ቁጥር ከተማሪ አፍ የማይጠፋ አንድ ነቀፋ አለ፤ «ሠዓሊው ጥላና ርቀት አያውቅም፤ ከፈረንጅ ሲቀዳም አቅቶት አጎደለው» ይባላል። እኛ ግን ነገሩ እንዲህ አይመስለንም።

በ1591 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) በሮም የታተመ ባለሥዕል የዐረብኛ ወንጌል ጎንደር ደርሶ፣ በ1660ዎቹ ለተጻፈ ወንጌል የሥዕል አብነት ሆኗል። በሮሙ መጽሐፍ የአንቶንዮ ቴምፔስታ ሥዕል ጥላውን የሚያሳየው በተደራረበ ጥቁር ጭረት ነው። የጎንደሩ ሠዓሊ የሰዎቹን አቋምና የእጃቸውን አዘረጋግ ወሰደ፤ ጭረቱን ተወ፤ ከኋላቸው ያለውንም ቦታ አቀለለው።

ለማመዛዘን ሕንድን እንመልከት። ከጎዓ የተነሡ ኢየሱሳውያን ወደ እኛ እንደ መጡ ሁሉ (የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ ጥርብ ድንጋይ የዘመናቸው ምስክር ነው)፣ በ1580 ሥዕል የተቀረጸበት መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ንጉሥ አክበር ዘንድ ገብተው ነበር። አክበር የሂንዱዎቹን ማሃባራታ ወደ ፋርስ ቋንቋ አስተርጉሞ በሥዕል ሲያስጌጥ፣ እንደ ባሳዋን ያሉት ሠዓሊዎቹ ከፈረንጁ ሥዕል የወሰዱት ጥላውንና ርቀቱን ነው። ሁለቱ ቤተ መንግሥታት ከአንድ ዓይነት ምንጭ ቀድተው የተለያየ ነገር ጠጡ።

የእኛው ምርጫ ምን እንዳተረፈ በበላዔ ሰብእ ታሪክ ይታያል። 78 ሰው በልቶ፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ጥርኝ ውሃ ስለ ሰጠ የዳነውን ሰው በደብረ ማርቆስ የማያውቅ ሕፃን አይገኝም። በአፍ ሲተረክ ሚዛኑን የሚደፋው ጥላዋ ነው። ታዲያ ጥላ የማይሥል ሠዓሊ ይህን በምን ያሳያል? እጇን ወይም ልብሷን ወደ ሚዛኑ ይዘረጋዋል፤ ዐይንም ከዚያ አይነቀልም። ጥላውን በጥቁር ቀለም ሥሎት ቢሆን ኖሮ ተአምሩ የፀሐይ ሥራ በመሰለ ነበር።

በ18ኛው መቶ ዓመት፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ ጥላ ገባ፤ ፊትና እጅ ለሰለሰ፤ ልብሱ አበባ በአበባ ሆነ። ያማረ ነው፤ ነገር ግን ዐይናችን ታሪኩን ትቶ ልብሱ ላይ ይውላል። ይህን እድገት የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኛ አንቀበልም።

ሁለቱን አስተያይቶ መፍረድ ለጎጃም ተማሪ ቀላል አይደለም። ከጎንደር ወደ መቅደላ ተወስደው የነበሩ ብዙ መጻሕፍት ከ1868ቱ ዘመቻ ወዲህ ለንደን ናቸው። በየደብሩም የታተመ የፈረንጅ ሥዕል ከአሮጌው ላይ ይለጠፋል፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ «ጥላ አለው፤ ሰው ይመስላል» ይባላል።