ለጀማሪ ልጆች የእንግሊዝኛ ሰዋስውና ሥርዓተ ነጥብ

የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ባለቤቱን አስቀድሞ ግሱን ያስከትላል፤ አማርኛ ግን ግሱን እስከ መጨረሻ ያቆየዋል። በወሎዋ ሐይቅ ከተማ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ከእንግሊዝኛ ጋር መጀመሪያ የሚጋጨው እዚህ ላይ ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። በታችኛው ክፍል ያልተጨበጠ ሰዋስው በኋላ ፊዚክስና ታሪክ ላይ ተመልሶ ዕዳ ይሆናል። ልጁ ግን ባዶ እጁን አይመጣም፤ የአማርኛን ሰዋስው በአፉ ጨርሶ ይዞ ነው የሚገባው። መማሪያ መጽሐፉ ርእሶቹን እኩል ቢዘረዝራቸውም፣ ጊዜ ሊሰጣቸው የሚገባው ሁለቱ ቋንቋዎች የሚለያዩባቸው ናቸው።

“መጣ” በአማርኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማን እንደመጣ ግሱ ራሱ ይናገራል። እንግሊዝኛው ግን “ሂ ኬም” ካልተባለ አይቆምም። ከዚህ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች ይወጣሉ። አንዱ ልጅ ባለቤቱን ጥሎ ስለ ዝናብ “ኢዝ ሬይኒንግ” ይላል፤ ሌላው ደርቦት “ማይ ፋዘር ሂ ኢዝ ኤ ፋርመር” ብሎ ይጽፋል። ተማሪ በሚበዛበት ክፍል ለዚህ የሚያዋጣው ሦስት ልጆችን ባለቤት፣ ግስና ተሳቢ የተጻፈባቸው ወረቀቶች አስይዞ ፊት ማቆም ነው። መጀመሪያ በአማርኛው ተራ ይቆማሉ፤ ቀጥሎ ግሱን የያዘው ልጅ ወደ መካከል ይገባል። ሕጉን በቃል ከማስጠናት ይልቅ ይህ ቶሎ ይገባቸዋል።

በወሎ ትልቅ ሰው አንቱ ሲባል ያደገ ልጅ ሌላም ችግር አለበት። አያቱን “እሳቸው” ማለት ስለለመደ በእንግሊዝኛ “ዘይ አር” ይላቸዋል፤ አክብሮት በብዙ ቁጥር የሚገለጽ ይመስለዋል። መምህሩንም “ዩ” ብሎ መጥራት ያሳፍረዋል። እዚህ ላይ ልጁን መገሠጽ ስህተት ነው፤ ያሳየው ጨዋነትን እንጂ ስንፍናን አይደለም። እንግሊዝኛ ለአያትም ለታናሽ ወንድምም “ሂ” እንደሚል፣ አክብሮቱን በሌላ ቃል እንደሚያሳይ አንድ ጊዜ በግልጽ ቢነገረው ይበቃዋል።

ከሁሉ የሚያደክመው የሦስተኛው መደብ “ስ” ነው። አማርኛ ግሱን ለእያንዳንዱ ባለቤት ይለውጣል፦ እሄዳለሁ፣ ትሄዳለህ፣ ትሄጃለሽ፣ ይሄዳል፣ ይሄዳሉ። ስለዚህ ግስ ከባለቤቱ ጋር መስማማቱ ለልጁ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲሱ ነገር እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ ትቶ አንዲት ፊደል ብቻ ማስቀረቱ ነው። ግራ መጋባቱን የሚያብሰው ደግሞ ያቺው “ስ” ስም ላይ ስትሆን ብዙ ቁጥርን፣ ግስ ላይ ስትሆን ነጠላውን ማመልከቷ ነው። “ዘ ቦይስ ራን” እና “ዘ ቦይ ራንስ” ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ተጽፈው ጥቂት ቀናት ቢሰነብቱ “ስ” ከአንዱ ወደ ሌላው ስትዛወር ልጁ በዓይኑ ያያል። ሁለቱን በተለያየ ወር ማስተማር የተለመደ ነው፤ መጥፎ ልማድ ነው። “ኢዝ”ና “አር” ግን በነውና በናቸው ስለሚታገዙ ብዙ አያስቸግሩም።

ለ“ዘ” የአማርኛው “ልጁ፣ ልጅቷ” ጥሩ መንደርደሪያ ነው። “ኤ” እና “አን” የሚለዩት በድምፅ እንጂ በፊደል ስላልሆነ፣ በድምፅ የሚጻፍ ፊደል ይዞ ያደገ ልጅ እዚህ ላይ ጆሮውን ቢያምን አይሳሳትም።

የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ብሎ አይለይም። ልጁ ቃል መካከል ትልቅ ፊደል የሚደነቅረው ለዚህ ነው፤ ትልቅ ፊደል ከሚገባባቸው ቦታዎች የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ፣ የተጸውኦ ስም፣ የቀንና የወር ስም፣ እንዲሁም “አይ” የሚለው ተውላጠ ስም ለጊዜው ይበቁታል። ለሐይቅ ልጆች ምሳሌው ደጃቸው ላይ ነው፦ ውኃው በስሙ ሲጠራ “ሌክ ሐይቅ” ይባላል፣ ሁለቱም ቃላት በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ። (ስሙ ሐይቅ ሐይቅ መሆኑ ልጆቹን ሁልጊዜ ያስቃቸዋል።) እንዲሁ ስለ አንድ ሐይቅ ሲጻፍ ግን ፊደሉ ትንሽ ነው።

አራት ነጥብ በአንድ ነጥብ ሲተካ የሚቸገር ልጅ የለም። ሁለት ነጥብ ግን ያሳስታል፤ ዳዊት የደገመ ልጅ ቃልን ከቃል ሲለይ የሚያውቀው ምልክት በእንግሊዝኛ ዝርዝር ሊመጣ ነው ማለት ነው። ትልቁ ጣጣ ያለው ነጠላ ሰረዝ ላይ ነው። አማርኛ “ተነሥቶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ደብተሩን ይዞ ሄደ” እያለ ድርጊትን በድርጊት ስለሚያያይዝ፣ ልጁ እንግሊዝኛውንም በሰረዝ እየቀጠለ ገጹን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሞላዋል። መድኃኒቱ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ነው፤ ይህም ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በመሩት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደጅ ያደገ የአብነት ተማሪ ተነሽ፣ ተጣይ፣ ሰያፍና ወዳቂ ንባብን ለይቶ ያውቃል። ቁርኣን የቀራ ጓደኛውም ትንሿ ሚም የግድ መቆምን፣ ላም አሊፍ ደግሞ አለመቆምን እንደምታመለክት ተምሯል። ሁለቱም ንባብ በድምፅ ሥርዓት እንደሚመራ ስለሚያውቁ፣ መምህሩ የእንግሊዝኛውን ነጥብና ሰረዝ ከዚያ ቢጀምር ግማሹን መንገድ ሄዷል። አፖስትሮፍ በአማርኛ አቻ ስለሌለው ወደ ኋላ ቢቆይ ይሻላል።

እንደ “ካን” እና “መስት” ያሉ ረዳት ግሶች በትምህርቱ ተራ መጨረሻ ይመጣሉ፤ ምሳሌያቸውም ቅርብ ነው። ከሐይቅ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው የአምባሰል ከተማ ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 የአማርኛ ቅጂው ዐፄ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲገናኙ በኢጣሊያ አማካይነት መጠቀም ይችላሉ ሲል፣ የጣሊያንኛው ቅጂ ግዴታ አደረገው። ቋንቋው ሌላ ቢሆንም በ“ካን” እና በ“መስት” መካከል ያለው ርቀት ይኸው ነው፤ ያ ልዩነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ወደተደረገው ጦርነት አድርሷል። ስለዚህ ሁለቱን ግሶች በአንድ ክፍለ ጊዜ አጣድፎ ማለፍ አይገባም፤ ልጁ የትምህርት ቤቱን ደንብ በ“መስት”፣ የጨዋታ ሰዓቱን በ“ካን” ጽፎ እስኪለያቸው ድረስ ይቆይባቸው።