ከጨዋታ በኋላ ያለው ሥራ

በከምባታ፣ የዶዮገና ጭቃ ታኬታ ይበላል። አገሩ ደጋ ነው፤ በልጉ መጋቢት ላይ ይገባል፣ ክረምቱ እስከ መስከረም ይዘልቃል፣ አፈሩም ሲርስ እንደ ማስቲሽ ይጣበቃል። የታዳጊዎችን ቡድን ዕቃ ስይዝ እንዳየሁት ግን ታኬታን ከሜዳው ይልቅ የሚጎዳው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ያለው ሌሊት ነው።

ልጁ የራሰ ታኬታውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ለነገ ልምምድ ስለሚፈልገው ምድጃ ዳር ያስቀምጠዋል። ጠዋት ሲነሳ በእርግጥ ደርቋል፤ ነገር ግን ሶሉን የያዘው ማስቲሽ በሙቀቱ ለቋል፣ ላዩ ተኮማትሮ ጣቶቹ የሚታጠፉበት ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። ጫማ ሰፊ ቢሰፋውም ውሃ ማስገባቱን አይተውም።

እኛ ዘንድ ደንቡ ሌላ ነው። ሁለቱን ታኬታ አጋጭቶ ትልልቁን ጭቃ ማራገፍ፣ የቀረውን እስኪደርቅ መተው፣ ከዚያ በቃጫ ማሸት። እርጥብ ጭቃ ሲታሽ ስፌት ውስጥ ይገባል፤ የደረቀው ይረግፋል። ቃጫ እንሰት ሲፋቅ የሚገኝ ስለሆነ በየቤቱ አለ፤ ጭቃውን ያስለቅቃል፣ ላዩን እንደ ሽቦ ብሩሽ አይቧጭርም። ቀጥሎ ውስጡን በደረቀ የእንሰት ቅጠል ወይም በጋዜጣ ጠቅጥቆ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ውስጥ ማሳደር ነው። እርጥበቱ ይመጠጣል፣ ጫማውም ቅርጹን አይለቅም።

በአንድ ታኬታ ሁለትና ሦስት ልጆች ስለሚጫወቱ ይህን ደንብ አጠብቃለሁ። እርጥብ ጫማ የእግር ፈንገስን ከልጅ ወደ ልጅ ያዛውራል። ከዚህ የባሰም አለ። በደቡቡ ደጋ፣ በተለይ በወላይታ፣ በቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው በዝሆኔ ሊያዝ ይችላል። በሽታው ከአፈሩ ደቃቅ ብናኝ እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አይደለም፤ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። የተቀደደ ታኬታ የጣለ ልጅ በባዶ እግሩ ወደዚያው አፈር ይመለሳል። ስለዚህ ከልምምድ በኋላ መጀመሪያ እግር ይታጠባል፣ ቀጥሎ ጫማ ይጸዳል።

ኳስ በአብዛኛው የሚበላሸው በቫልቩ በኩል ነው። ደረቅ መርፌ ሲገባ ጎማውን ይሰነጥቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ኳሱ ማታ ተነፍቶ ጠዋት ተኝቶ ይገኛል። ከፋርማሲ የሚገዛ ግሊሰሪን አንድ ጠብታ መርፌው ላይ ማድረግ ይበቃል። ሌላው ጠላት የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ነው። የጨዋታ ሕጉ ለኳስ የሚፈቅደው ግፊት ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ብቻ ነው፤ ለመኪና ጎማ የተሠራው ኮምፕሬሰር ግን ይህን በአፍታ አልፎ ስፌቱን ያሳብጠዋል። በእጅ ፓምፕ መንፋት፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ እንዲሰጥ አድርጎ ማቆም ይሻላል። ዶዮገና በበጎቿ የታወቀች ስለሆነች ኳስን በላት ስብ የሚያሹ አሉ። ይህ ለድሮው የቆዳ ኳስ ነበር፤ የዛሬው ሰው ሠራሽ ሽፋን ስብ አይፈልግም፣ በእርጥብ ጨርቅና በትንሽ ሳሙና ይጠራል።

ማሊያ ቀላል ነው፤ ገልብጦ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ፣ በረኪና አለማስነካት፣ ጥላ ላይ መስቀል። የበረኛ ጓንት ግን ፀሐይ ካየ መዳፉ ደርቆ ይፈረካከሳል።

ከሃዲያና ከከምባታ ወጥታችሁ አዲስ አበባም ሆነ ደቡብ አፍሪካ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ለልጆቹ ኳስ መላካችሁን እናውቃለን፣ እናመሰግናለን። በሚቀጥለው ጊዜ ከኳሱ ጋር አንድ የእጅ ፓምፕና ጥቂት መርፌዎች ጨምሩ። መርፌ ቶሎ ይሰበራል፤ መርፌ ሲጠፋ ደግሞ ጎረምሳው ኳሱን ይዞ የሚሄደው ወደ ጎሚስታው ነው።