የኃላፊነት ትምህርትና የታይዋን ገበያ

በ1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1977) ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በትብሊሲ ከተማ የጠሩት ጉባኤ ለአካባቢ ትምህርት አምስት ዓላማዎችን አስቀምጦ ነበር፤ እነርሱም ንቃት፣ ዕውቀት፣ አመለካከት፣ ክሂልና ተሳትፎ ናቸው። ጉባኤው በተለይ በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት ተማሪው ከሚኖርበት ማኅበረሰብ መነሣት እንደሚገባም አሳስቧል። ይሁን እንጂ በመካከለኛ ደረጃ፣ ማለትም በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል፣ የሚሰጠው ትምህርት ከሦስተኛው ዓላማ አልፎ ሲሄድ እምብዛም አይታይም።

ዜጋ ለአካባቢው ምን ኃላፊነት እንዳለበት የተጠየቀ ተማሪ ዛፍ መትከል፣ ውኃ መቆጠብ፣ ቆሻሻን በየቦታው አለመጣል ብሎ ይመልሳል፤ ሙሉ ማርክም ያገኛል። መልሱ ስሕተት የለበትም። ጉድለቱ ማን፣ በምን አቅም፣ ለማን የሚሉትን ጥያቄዎች ሳይነካ ማለፉ ነው። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ተማሪዎች በየክረምቱ ችግኝ ይተክላሉ። ከተተከለው ስንቱ ጸደቀ የሚለው ስሌት ግን ለሒሳብ መምህሩ እንኳ የተሰጠ አይመስልም።

የድሬዳዋን ተማሪ እንውሰድ ቢባል፣ ስለ ዓለም አቀፍ ትስስር ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ታይዋን የሚባለውን ገበያ የማያውቅ የከተማዋ ልጅ አይገኝም። የሩቅ ደሴት ስም በተሸከመው በዚህ ገበያ ከእስያ ፋብሪካዎች ወጥቶ ባሕር የተሻገረ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ፣ ልብስና ጫማ ተደርድሮ ይሸጣል። አንድ የስልክ ቻርጀር ብቻ ቢወሰድ መዳቡ ከማዕድን ጉድጓድ፣ ላስቲኩ ከነዳጅ ዘይት፣ ጉልበቱ ከማይታወቅ ሠራተኛ የተገኘ ነው። በመርከብና በመኪና ተጉዞ ሱቅ ይደርሳል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ተበላሽቶ ይጣላል። ወዴት ይጣላል? ትምህርቱ መጀመር ያለበት ከዚህ ጥያቄ ነበር።

እዚህ ላይ በቀላሉ የማይታለፍ ችግር ይገጥማል። ድሬዳዋ ከባቡሩ መምጣት ጋር የተቈረቈረች የንግድ ከተማ ናት፤ ከጅቡቲና ከሶማሊያ ጠረፍ የሚመጣው ሸቀጥ፣ ቀረጥ የተከፈለበትም ያልተከፈለበትም፣ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኖ ኖሯል። መምህሩ ስለ ኮንትሮባንድና ስለ ርካሽ ዕቃ ጉዳት የግብረ ገብ ስብከት ቢያሰማ፣ ከፊቱ የተቀመጠው ልጅ ወይ በአባቱ ያፍራል ወይ ለመምህሩ ይዋሻል። ሁለቱም ትምህርት አይደሉም። ስለዚህ ኃላፊነት እንደ አቅም መጠን የሚከፋፈል መሆኑ አስቀድሞ መነገር አለበት፤ የአምራቹ፣ የአስመጪው፣ የቸርቻሪውና የሕግ አውጪው ድርሻ ፌስታል አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ከሚመለሰው ልጅ ድርሻ ጋር እኩል አይደለም።

ስለ ፌስታል ከተነሣ ዘንድ፣ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ የፕላስቲክ ከረጢት ለማምረትም ሆነ ለማስመጣት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ስሱ ፌስታል ግን ከገበያ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ የሚጣለውን የፕላስቲክ ከረጢት የሚከለክል አዋጅ ጸደቀ። በሁለቱ አዋጆች መካከል ያሉት ዐሥራ ስምንት ዓመታት ለስምንተኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት ከብዙ ምዕራፍ የበለጠ ፍሬ አላቸው፤ ሕግ ለምን ሳይፈጸም እንደሚቀር ተማሪው ከሻጭና ከገዢ ጠይቆ በደብተሩ ሊያሰፍረው ይችላል።

ከገበያው ይልቅ የሚከብደው ምሳሌ ደቻቱ ነው። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ይህ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ጎርፉን ያመጣው ዝናብ በአብዛኛው የዘነበው ከከተማዋ በስተደቡብ ባለው ደጋ ላይ ነበር፤ የዚያ ተራራ ደን መመናመንም ለጎርፉ ኃይል ጨምሮለታል። ይህን የሰማ ተማሪ ሌሎች በድለውናል ብሎ እንዳይቆም፣ ወንዙ የከተማዋን ቆሻሻ ተሸክሞ በስተሰሜን ወደ ሽኒሌ ሜዳ እንደሚወርድ ሊነገረው ይገባል። ተጎጂው ራሱ ለሌላው ጎጂ ሆኖ የሚገኝበትን ሁኔታ ከዚህ አሸዋ የተሻለ የሚያሳይ ሥዕል በመጻሕፍት አይገኝም። ከባቢ አየርን በብዛት የበከሉት አገሮችና ጉዳቱ የሚያይልባቸው ድኾች ነገር ከዚህ በኋላ ቢነሣ ተማሪው መንገዱን አስቀድሞ ያውቀዋል።

መምህራን ጊዜ የለም ይሉ ይሆናል፤ ክርክራቸውም ከንቱ አይደለም። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፣ ክፍሉ የተጨናነቀ ነው፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተናም በአብዛኛው ምርጫ ነው። ክሂልና ተሳትፎ በሀ፣ በለ፣ በሐና በመ አይመዘኑም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መካከለኛ ደረጃን ራሱን የቻለ እርከን አድርጎታል፤ ተማሪው ከታይዋን ሱቆችና ከደቻቱ ዳር ጽፎ ለሚመለስበት ደብተር ከመቶ ስንት ማርክ እንደሚያዝ ግን ገና መወሰን አለበት።